የዓባይ ጎርፍ ያጥባት የነበረች ከተማ፤ የእስክንድርያ ሐይቅና ባሕር ታሪክ

የእስክንድርያ ስም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአራተኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የጵጵስና ማዕርግ ተቀብለው ወደ አክሱም ከተመለሱበት ዘመን አንሥቶ፣ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ከኢትዮጵያውያን ወገን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳሳት ሆነው እስከ ተሾሙበት ጊዜ ድረስ፣ ዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ስለ ነበረ፣ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደጋ ቄስ እንኳ የዚያችን ከተማ ስም በቅዳሴው ሳይጠራ አይቀርም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ስሟን የምንጠራው ብዙዎች ስንሆን ጠባይዋን የመረመርነው ጥቂቶች ነን። እኔም ዛሬ ስለ ሊቃውንቷና ስለ ጉባኤዎቿ ሌሎች አምልተውና አስፍተው ስለ ጻፉ እርሱን ትቼ፣ ስለ ውኃዋ ልናገር አስቤአለሁ፤ የእስክንድርያ ሐይቅና የባሕር ዳርቻ እንዴት እንደ ነበረና እንዴት እንደ ጐሰቈለ የሚተርከው ታሪክ፣ በጎጃምና በወሎ፣ በጎንደርና በሸዋ ተራሮች ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ጋር በአንድ ገመድ የተሳሰረ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

እስክንድር መቄዶናዊ ወደ ግብጽ ከወረደ በኋላ፣ በ331 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ራቆጢስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ካለችበት ስፍራ ላይ በስሙ የምትጠራ ከተማ እንድትቈረቈር አዘዘ። ስፍራው የተመረጠው በከንቱ አልነበረም፤ በሰሜን በኩል ታላቁ ባሕር፣ በደቡብ በኩል መርዩጥ የተባለው ሰፊ ሐይቅ ስለ ነበረ፣ ከተማይቱ በሁለት ውኆች መካከል እንደ ድልድይ የተዘረጋች ነበረች፤ ከባሕሩም ወገን የፋሮስ ደሴት ማዕበሉን ይከላከልላት ነበር። በኋላም ከእስክንድር ቀጥለው ግብጽን የገዙት ነገሥታት በደሴቲቱና በምድሩ መካከል ሰባት ምዕራፍ (በግሪኮች ልክ ስታድዮን) ርዝመት ያለው የድንጋይ ጐዳና ገድበው ወደቡን በሁለት ከፈሉት፣ በደሴቲቱም ጫፍ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍታ የነበረውን፣ ከዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ተብሎ የተቈጠረውን የመብራት ግንብ አቆሙ። በዚያ በድንጋይ ጐዳና ግራና ቀኝ አሸዋና ደለል በየዘመኑ እየተከማቸ ሄዶ ዛሬ ደሴቱ ከምድሩ ጋር ተገጥሞ አንድ ሆኗል፤ በቀድሞው ባሕር ላይ ቤትና ገበያ ቆሞበታል። ሰው በውኃ ዳር የሚሠራው ሥራ ለጊዜው ጥቂት ቢመስልም፣ ባሕሩ በራሱ ጊዜ ታላቅ ነገር እንደሚያደርገው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስትራቦን የተባለው የግሪክ የመልክዐ ምድር ሊቅ፣ ልደተ ክርስቶስ ሊደርስ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲቀረው ወደ ግብጽ መጥቶ ያየውን ሲጽፍ፣ ስለ እስክንድርያ አየር ጤናማነት የሰጠው ምክንያት ለእኛ ልዩ ትርጕም አለው። በሐይቅ ዳር የተሠሩ ሌሎች ከተሞች በሐሩር ወራት አየራቸው የሚያፍን መሆኑን፣ ይህም የሚሆነው ሐይቁ በፀሐይ ኃይል ሲጐድል ዳርቻው ረግረግ እየሆነ ክፉ እንፋሎት ስለሚያወጣ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ በእስክንድርያ ግን ሐሩሩ ሲጀምር ዓባይ ሞልቶ በቦዮቹ በኩል ወደ መርዩጥ እየገባ ሐይቁን እስከ አፉ ስለሚሞላው፣ አየሩን የሚያበላሽ ረግረግ እንደማይቀር ይመሰክራል። የእነርሱ ሐሩር የእኛ ክረምት ነውና፣ በሐምሌና በነሐሴ በኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ዝናብ ዓባይንና ተከዜን ሞልቶ፣ በረሓውን አቋርጦ፣ በመጨረሻ የዚያችን የባሕር ከተማ ሐይቅ በየዓመቱ ያጥብ ነበር ማለት ነው። ስትራቦን ይህን ሲጽፍ የዝናቡን አገር አላየም፤ ነገሩን በዓይኑ ያየው ከመጨረሻው ጫፍ ነው።

ከተማይቱ የምትጠጣውም ይህንኑ ውኃ ነበር። ከምድር በታች የተፈለፈሉ ቦዮች የዓባይን ውኃ እያመጡ በየቤቱ ሥር ወደ ተሠሩት ጕድጓዶች ያስገቡት ነበር፤ ውኃውም በዚያ ሲያድር ደለሉ እየዘቀጠ ይጠራ ነበር። ጌቶች የጠራውን ሲጠጡ፣ ድኾች ግን ድፍርሱን እየጠጡ ይታመሙ እንደ ነበር በዩልዮስ ቄሣር የእስክንድርያ ጦርነት ታሪክ ተጽፏል። በዚያው ጦርነት፣ በ48 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ጋኒሜዴስ የተባለው የግብጻውያን ጦር አዛዥ የባሕሩን ጨው ውኃ በመሣሪያ እየሳበ ቄሣር በያዘው ሰፈር ቦዮች ውስጥ ስለ ለቀቀበት፣ ሮማውያን በጭንቅ ላይ ወድቀው ጕድጓድ ቈፍረው ውኃ እስኪያገኙ ድረስ ታላቅ ሁከት ሆኖባቸው ነበር። እነሆ፣ ንጹሕ ውኃ ለባለጠጋ፣ ድፍርስ ውኃ ለድኻ የሆነበት የከተማ ሥርዐት፣ እንዲሁም ውኃን በእጅ አበላሽቶ ሰውን የመጉዳት ተንኰል በዚህች ከተማ ጥንታዊ ነገር ነው።

በክርስትና ዘመን መርዩጥ የተባረከ ሐይቅ ነበር። በዳርቻው ወይን ይተከል ነበር፤ ጠጁም በሮም አገር ሳይቀር የተመሰገነ ነበር። በኛም ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 15 ቀን የሚታሰበው ሰማዕቱ ቅዱስ ሚናስ ዐጽሙ ያረፈው ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ባለው ምድረ በዳ ስለ ነበረ፣ ከብዙ አገር የሚመጡ ተሳላሚዎች በእስክንድርያ ወደብ ከመርከብ ወርደው፣ ሐይቁን በታንኳ ተሻግረው ወደ ገዳሙ ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱም የጻድቁ ሥዕል በታተመባቸው ትንንሽ የሸክላ ዕቃዎች ጠበልና ቅዱስ ዘይት ይዘው ይመለሱ ነበር፤ እነዚያም ዕቃዎች ዛሬ በብዙ አገር ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ነገር ግን የዓባይ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ በደለል እየተደፈነ ስለ ሄደ፣ የሐይቁ ምግብ እያነሰ፣ በመካከለኛው ዘመን የመርከብ መንገድ የነበረው መርዩጥ ጨው የተነጠፈበት ሜዳ ወደ መሆን ደረሰ። የመብራቱም ግንብ በ1303 በሆነው የምድር መናወጥ ፈረሰ፤ ከመቶ ሰባ ዓመት ያህል በኋላም ሱልጣን ቃይትባይ ከፍርስራሹ ድንጋይ እየወሰደ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ምሽግ በዚያው ስፍራ ሠራ።

ናፖሊዮን በ1798 ጦሩን ይዞ ሲደርስ፣ ያች የሺህ ሊቃውንት ከተማ ከዐሥር ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት የፍርስራሽ መንደር ሆና አገኛት። ከሦስት ዓመት በኋላም የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳውያንን በከተማይቱ ውስጥ ከብቦ ለመያዝ ሲል፣ የአቡቂርን ውኃ ከመርዩጥ ሜዳ የሚለየውን ግድብ ሰበረው፤ የባሕሩም ውኃ ገብቶ ደርቆ የነበረውን የሐይቅ ስፍራ ሞላው፣ በውስጡም የነበሩ ብዙ መንደሮች ከነእርሻቸው ሰጠሙ። ዓባይ ሞልቶት የነበረውን ሐይቅ በዚህ ጊዜ የሞላው ጦርነት ነበር፤ የሞላውም በጨው ነበር።

ከዚህ በኋላ የተነሣው የግብጽ ገዢ መሐመድ ዓሊ ከተማይቱን እንደገና ሊያቀናት ስለ ወሰነ፣ ከ1817 እስከ 1820 ከዓባይ የራሺድ ቅርንጫፍ ተነሥቶ እስከ እስክንድርያ የሚደርሰውን የማሕሙዲያን ቦይ አስቈፈረ። ሥራው በግዴታ ከየመንደሩ በተነዱ ገበሬዎች የተሠራ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም በረኃብ፣ በድካምና በበሽታ በቦዩ ዳር ወደቁ። ቦዩ ሲያልቅ ግን የከተማይቱ ሕይወት ተመለሰ። የጥጥ ንግድ ተስፋፋ፤ በተለይም አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ ከ1861 እስከ 1865 ድረስ፣ የግብጽ ጥጥ ዋጋ እንደ ወርቅ ሆነ፤ ግሪኩ፣ ጣልያኑ፣ ሶርያው፣ አይሁዱ፣ እንግሊዙ፣ ሁሉም በዚያ ወደብ ተሰበሰበ። በ1798 ከዐሥር ሺህ ያልበለጠው ሕዝብ በ1882 ከ230,000 በላይ ሆነ፣ በ1947 ከ900,000 አለፈ፣ በ2017 ቈጠራ ደግሞ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከተማ ሲሰፋ የሚበላውና የሚጠጣው ብቻ ሳይሆን የሚጥለውም ይበዛል። ይህን የከተማ አዛዦች ዘወትር ዘግይተው ይረዱታል። የማሕሙዲያ ቦይ መርከብ የሚሄድበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ሰው የሚጠጣው ውኃ ሁሉ በአንድነት ስለ ነበረ፣ በሽታ መንገድ አላጣም። በ1883 ኮሌራ በግብጽ ገብቶ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎችን በፈጀ ጊዜ፣ ከጀርመን ሮበርት ኮኽ፣ ከፈረንሳይ ደግሞ የሊቁ ፓስተር ደቀ መዛሙርት የበሽታውን ምክንያት ሊመረምሩ ወደ እስክንድርያ ወረዱ። ከፈረንሳውያኑ አንዱ፣ የሃያ ሰባት ዓመቱ ወጣት ሉዊ ትዊሊዬ፣ ሊመረምረው በመጣው በሽታ ተይዞ በመስከረም ወር በዚያች ከተማ ሞተ፤ በአገር ጠላትነትና በትምህርት ፉክክር ከእነርሱ የተለየው ኮኽም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆኖ ሸኘው። ኮኽ በሞቱት ሰዎች አንጀት ውስጥ ያየውን ረቂቅ ነፍሳት ምርመራ ይዞ ወደ ካልካታ ተሻገረ፤ በዚያም የኮሌራን ምክንያት በርግጥ አወቀው። ከሰው የወጣ እድፍ ወደ ሰው አፍ የሚመለሰው በውኃ መሆኑ እንዲህ ከተረዳ በኋላ፣ ለከተሞች አስተዳዳሪዎች ባለማወቅ የሚሰጥ ይቅርታ አብቅቷል።

ነገር ግን ማወቅና ማድረግ አንድ አይደሉም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የምሥራቁ ወደብ ዳርቻ በድንጋይ ተገድቦ፣ በ1930ዎቹም ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳር ጐዳና እስከ ሙንተዛ ቤተ መንግሥት ተዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ የሚደነቅበት መናፈሻ ሲሆን፣ ከዚያው ጐዳና ሥር የሚያልፈው የቤቶች ፍሳሽ ሳይጣራ በልዩ ልዩ ቧንቧዎች ወደ ባሕሩ ይፈስ ነበር። ከሁሉ ዋነኛው ከቃይትባይ ምሽግ አጠገብ፣ የጥንቱ የመብራት ግንብ ከቆመበት ስፍራ ዘንድ የሚወጣው ነበር። አሳቡም ባሕር ሰፊ ነው፣ ሁሉን ይውጣል የሚል ነበር። ባሕር ግን ሁሉን አይውጥም፤ ነፋስ ከሰሜን ሲነፍስ የተጣለውን ወደ ዳርቻው ይመልሰዋል፣ ልጆች ወደሚዋኙበት አሸዋም ያመጣዋል። ከ1994 ጀምሮ የታሪክ መርማሪዎች በዚያ ስፍራ ከባሕሩ በታች ጠልቀው የግንቡን ታላላቅ ድንጋዮች፣ የነገሥታቱን ምስሎችና የዐምዶቹን ስብርባሪ ሲያገኙ፣ ሥራቸውን ካወኩት ነገሮች አንዱ የውኃው ድፍርስነትና ርኵሰት ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ ለመርከበኛ ብርሃን የሰጠ ግንብ ፍርስራሹ በሰው እድፍ ውስጥ ተኝቶ መገኘቱ ለማንኛውም የታሪክ ወዳጅ የሚያሳፍር ነገር ነው።

የባሕሩ ጉዳት ሲገለጥ መከራው ወደ ሐይቁ ተመለሰ። የፍሳሹን ነገር ሊያስተካክሉ የተነሡት ሰዎች በረዥም ቧንቧ ወደ ጥልቁ ባሕር እንላከው ወይስ በምድር ላይ እናጣራው የሚል ብዙ ክርክር ካደረጉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ማጣሪያዎች ተሠሩ። ነገር ግን ማጣሪያዎቹ መጀመሪያ የሠሩት የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ፣ ማለት ጠጣሩን ከውኃው የመለየት ሥራ ስለ ነበረ፣ የሚወጣው ውኃ ያልጠራ ሆኖ ወደ መርዩጥ ይገባ ነበር። በዚያም ላይ የፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ ከእርሻውም በዑሙም ቦይ የሚመጣው ማዳበሪያ የቀላቀለ ውኃ ይጨመርበታል። ሐይቁ ራሱ በመንገድና በባቡር ሐዲድ ግድብ እየተከፋፈለ፣ ዳርቻው እየተደፈነ ለቤትና ለፋብሪካ እየተሰጠ ከቀድሞው ስፋት በእጅጉ አንሷል። ከውኃው በላይ ፍግ የበላ አረንጓዴ ዝልግልግ ይሰፍፍበታል፤ ያም ሲሞትና ሲበሰብስ የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፣ ሽታውም ወደ መንደሩ ይወጣል። በአባቶቹ ሥራ የሚኖረው የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ መረቡን በየዓመቱ ወደሚጠበው ውኃ ይጥላል። የሐይቁ ወለል ከባሕሩ ወለል ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ የተጠራቀመው ውኃ መክስ በሚባለው ስፍራ በታላላቅ መሳቢያዎች እየተሳበ ወደ ባሕር ይጣላል። እንግዲህ ከባሕሩ የተከለከለው እድፍ ሐይቁን ዞሮና አበላሽቶ መጨረሻው ባሕሩ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎርፉ እመለሳለሁ። ከመርዩጥ ቢቀርም፣ የዓባይ ጎርፍ በራሺድና በድምያጥ አፎች በኩል በየዓመቱ ወደ ባሕሩ መግባቱን አልተወም ነበር። በአስዋን ያልፍ ከነበረው ውኃ ከመቶው ሰማንያ አምስት እጅ የሚሆነው፣ ከደለሉም ከመቶው ከዘጠና እጅ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነበር። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ያ ቀይ ውኃ ባሕሩን ሲቀላቀል፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን የባሕር ዕፅዋት ይለመልሙ ነበር፤ እነርሱን ለመብላት ሳርዲን የተባለው ዓሣ በመንጋ ይመጣ ነበር፤ ዓሣ አጥማጁም መከሩን ይሰበስብ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ገበሬ በመስከረም አፈሬ በጎርፍ ተወሰደ ብሎ ሲያዝን፣ በእስክንድርያ ወደብ መረብ የሚጥለው ሰው ስለዚያው አፈር እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1964 ውኃውን መያዝ ሲጀምር ይህ ሁሉ ተቋረጠ። በ1962 18,000 ቶን ያህል የነበረው የሳርዲን ምርት በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ሊቃውንቱን ሳይቀር ያስገረመ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ጎርፉ ሳይመለስ ዓሣው ተመለሰ። በ2009 የታተመ ምርመራ በዓሣዎቹ ሥጋ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ዐይነት መርምሮ፣ በዚያ ባሕር ከሚገኘው የዓሣ ምርት ከመቶው ስልሳ እጅ እስከ መቶው በሙሉ የሚደርሰው ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተሞች ፍሳሽ በሚመጣ ምግብ የተደገፈ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። የኢትዮጵያ አፈር ይመግበው የነበረውን ባሕር አሁን የሚመግበው የካይሮና የእስክንድርያ እድፍ ከማዳበሪያው ጋር ሆኗል።

ይህን የሰማ ሰው፣ እንግዲያውስ ፍሳሹ ጠቀመ እንጂ ምን ጐዳ ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጎርፍ በጊዜው መጥቶ በጊዜው የሚሄድ ነው፤ ሲመጣ ይመግባል፣ ሲሄድ ያጥባል፤ የፋብሪካ መርዝም አይሸከምም ነበር። የከተማ ፍሳሽ ግን ክረምትና በጋ የለውም፤ ከፍግ ጋር የበሽታ ዘር፣ የፋብሪካ መርዝና ከባድ ማዕድን ይዞ ይመጣል፤ የማያጥብ፣ ያለ ማቋረጥ የሚከማች ነው። ባሕሩ ሰፊ በሆነበት ስፍራ ዓሣ ያፈራ ያው ፍሳሽ፣ ውኃው በማይንቀሳቀስበት በመርዩጥ ዓሣውን አፍኖ ገድሏል። መጠኑን ያለፈ ምግብ መርዝ ነው እንደሚባለው፣ ሁለቱን የለየው የውኃው ስፋትና እንቅስቃሴ እንጂ የፍሳሹ መልካምነት አይደለም።

በጥቅምት 2015 እስክንድርያ ላይ ከባድ ዝናብ በወረደ ጊዜ፣ ቦዮቹ ውኃውን ሊያወጡት ስላልቻሉ ጐዳናዎቹ ሐይቅ ሆኑ፣ ሰዎችም ሞቱ፣ የከተማይቱም ገዢ ከሥራው ለቀቀ። ጎርፍን በየዓመቱ እንደ በረከት ትጠብቅ የነበረች ከተማ፣ የአንድ ቀን ዝናብ የምታሳልፍበት መንገድ አጣች። የሐይቁ ዳርቻ ተደፍኖ፣ ቦዮቹም በሕዝቡ ብዛት ተጨናንቀው ስለ ነበር፣ ውኃው የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም።

ከዚህ ታሪክ የማገኘው ፍርድ ይህ ነው። እስክንድርያ ለብዙ ዘመን ንጹሕ የሆነችው ራሷን ስላጠበች ሳይሆን፣ ሩቅ አገር የዘነበ ዝናብ ስላጠባት ነው፤ አጣቢው በደለል፣ ኋላም በግድብ ሲቀር፣ ራሷን ማጠብ ሳትለምድ ከዐሥር ሺህ ሰው ወደ አምስት ሚሊዮን አደገች። ተፈጥሮ በነፃ ሲያደርግልን የኖረውን ነገር፣ በሰው ሥራ ከመንገዱ ካወጣነው በኋላ፣ በራሳችን ገንዘብና ድካም ልንሠራው ግዴታ ይሆንብናል፤ ካልሠራነው ግን ዕዳው በዓሣ አጥማጁና በድኻው ልጅ ላይ ይወድቃል።

ይህን የምጽፈው ለእስክንድርያ ሰዎች ብቻ አይደለም። ዓባይ ጉዞውን በሚጀምርበት በጣና ዳር ባሕር ዳር ከተማ ቆማለች፣ በስምጥ ሸለቆውም ሐዋሳ በሐይቋ ዳር በየዓመቱ እየሰፋች ነው፤ ሁለቱም በውኃቸው ውበት የሚመኩ ናቸው፣ የሁለቱም ሐይቆች ስፋት ከባሕር ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ቤትና ሆቴል የምትሠሩ፣ መንገድ የምትቀይሱ፣ መሬት የምትሰጡና የምትቀበሉ ወገኖቼ ሆይ፣ ከሕንፃው መሠረት በፊት የፍሳሹን መሄጃና ማጣሪያ ቀይሱ፤ የሐይቁን ደንገልና ረግረግ አትድፈኑ፤ ነገ የሚመጣ ጎርፍ ያጥብልናል ብላችሁም አትጠብቁ።